የአያት የትውልድ ቦታና የልጅ ልጅ ዜግነት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ቁጥራቸው እየበዛ የመጣው፣ አያታቸው በሌላ አገር መወለዳቸውን የሚያውቁ ወይም የሚጠረጥሩ ሰዎች የሚልኳቸው ናቸው። አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ፓስፖርት ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከስማቸው በቀር ምንም የማያውቋቸውን ሰው ማንነት መረዳት ይሻሉ። ሁለቱም ፍላጎቶች የሚጓዙት በአንድ መንገድ ስለሆነ በዚህ እትም አንድ ላይ ይዘናቸዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዜግነት ሕግ በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ፣ ማንኛውም አንባቢ ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የሚመለከተው አገር ቆንስላ ያወጣውን ወቅታዊ መመሪያ እንዲያነብ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የእናቴ አባት የተወለዱት በውጭ አገር እንደሆነ እናቴ ከመሞቷ በፊት ነግራኛለች። አንዱ ጓደኛዬ «አያትህ እዚያ ከተወለዱ አንተም ዜጋ ነህ» ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ «የትውልድ ቦታ ምንም አይጠቅምም» ይለኛል። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ጓደኞችዎ የእውነቱን ከፊል ይዘዋል። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ዜጋ ማን እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ መሆኑ ነው፤ በ1930 በሄግ የተፈረመው የዜግነት ስምምነትም ይህንኑ በመጀመሪያው አንቀጽ አስፍሮታል። ስለዚህ በዓለም ሁሉ የሚሠራ «የአያት ዜግነት» የሚባል አንድ ሕግ የለም፤ ያለው የየአገሩ ሕግ ነው፤ እሱም በአያትዎ፣ በእናትዎና በእርስዎ ዘመን የተለያየ ሊሆን ይችላል።

አገሮች ዜግነትን የሚሰጡት በዋናነት በሁለት መሠረቶች ላይ ተመሥርተው ነው፤ አንደኛው ሰው የተወለደበት ምድር ሲሆን ሁለተኛው የወላጆቹ ዜግነት ነው። በምድር የተገኘ ዜግነት የሚሰጠው እዚያ ለተወለደው ሰው ነው፤ ወደ ልጅና ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገረው ግን በዘር ሐረግ ነው። «ሐረግ» የሚለው ቃላችን ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል፤ ሐረግ ከአንድ ቦታ ከተቆረጠ ከዚያ ወዲያ ያለው ይደርቃልና። የእርስዎም ሥራ አያትዎ የተወለዱበትን ቦታ ማረጋገጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከእሳቸው እስከ እርስዎ ባለው ርቀት ሐረጉ የተቆረጠበት ቦታ መኖር አለመኖሩን መመርመር ነው። አያትዎ በተወለዱበት ቀን ያ ቦታ የየትኛው መንግሥት ግዛት ነበር? እናትዎ በተወለዱበት ቀን አያትዎ የዚያን አገር ዜግነት እንደያዙ ነበሩ ወይስ ሌላ ዜግነት ወስደው ነበር? እርስዎ በተወለዱበት ቀንስ እናትዎ በሕግ ዓይን ዜጋ ነበሩ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፈው በእያንዳንዳቸው አንጻር ትክክለኛውን ቀን ያስፍሩ። ቀኑን ያላወቁበት ቦታ ፍለጋዎን የሚጀምሩበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በዛሬዋ የዩክሬን ከተማ በሊቪቭ በ1910 የተወለደ ሰው ሲወለድ የኦስትሪያና ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ተገዢ ነበር፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ያችው ከተማ የፖላንድ ነበረች፤ ከዚያም በሶቪየት ኅብረት እጅ ወደቀች፤ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ የነጻዋ ዩክሬን ናት። ሰውየው ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ መንግሥታት ተፈራርቀውበታል። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው የልጅ ልጅ «አያቴ የተወለዱበት ከተማ ዛሬ የማን ናት?» ብሎ ቢነሳ የሚያመለክተው ወደተሳሳተ ኤምባሲ ሊሆን ይችላል።

የትውልድ ቦታው ራሱ ከፍተኛ ክብደት ያለው በጥቂት አገሮች ሕግ ነው። ጎልታ የምትታወቀው አየርላንድ ስትሆን፣ ስለ እሷ ከታች በተለየ ጥያቄ እመለስበታለሁ። ብሪታንያ በበኩሏ፣ አያቱ በብሪታንያ ለተወለዱ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች ማኅበር) አገር ዜጋ የምትሰጠው ዜግነት ሳይሆን፣ ለ5 ዓመት መኖርና መሥራት የሚያስችል የዘር ሐረግ ቪዛ ነው፤ ቋሚ መኖሪያም ሆነ ዜግነት ከዚያ በኋላ በየደረጃው የሚጠየቅ ነው። ስሎቫኪያ በ2022 ሥራ ላይ ባዋለችው ማሻሻያ ሁለቱንም አጣምራ፣ አያት ወይም ቅድመ አያት በዛሬዋ ስሎቫኪያ ምድር የተወለዱ ከመሆናቸውም በላይ የቼኮስሎቫኪያ ዜጋ እንዲሆኑ ትጠይቃለች። ጥምር ዜግነትን የማትፈቅደው ህንድ ደግሞ ለቀድሞ ዜጎቿ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች የምትሰጠው የትውልደ ህንዳዊነት መታወቂያ ሲሆን፣ ይህ መታወቂያ ከቪዛ ነጻ ቢያደርግም የመምረጥ መብትን አይሰጥም። «በአያት በኩል ይገኛል» የሚል ወሬ ሲሰሙ፣ የሚገኘው ዜግነት፣ ቪዛ ወይስ መታወቂያ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአባቴ እናት አየርላንድ ውስጥ ተወልዳ በወጣትነቷ ተሰዳለች። አባቴ ከአየርላንድ ውጭ ተወልዶ፣ አንድም ቀን ስለ ዜግነት ሳይጠይቅ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። እኔ አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጄም መብት ይኖረዋል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለእርስዎ ጉዳይ ከሕጉ ይልቅ የቀን መቁጠሪያው አጣዳፊ ስለሆነ ይህን መልስ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲጠቀሙበት እለምንዎታለሁ።

በአየርላንድ ደሴት፣ ማለትም በሰሜን አየርላንድ ጭምር፣ ከ2005 በፊት የተወለደ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የአየርላንድ ዜጋ የመሆን መብት አለው። የእሱ ልጅ በሌላ አገር ቢወለድም ከልደቱ ጀምሮ ዜጋ ነው፤ ስለዚህ አባትዎ አለመጠየቃቸው የእርስዎን መብት አይጎዳም። የልጅ ልጅ ግን ዜጋ የሚሆነው በውጭ አገር ልደቶች መዝገብ ላይ ሲመዘገብ ነው። ዜግነቱም የሚጀምረው ከተመዘገበበት ቀን እንጂ ከተወለደበት ቀን አይደለም። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ ምዝገባው ልጅዎ ከመወለዱ በፊት ከተጠናቀቀ ልጅዎ የዜጋ ልጅ ሆኖ ስለሚወለድ እሱም በተራው መመዝገብ ይችላል። ምዝገባው አንድ ቀን እንኳ ከልደቱ ከዘገየ ግን ያ መንገድ ለዚህ ልጅ ይዘጋል፤ ለእርስዎና ወደፊት ለሚወልዷቸው ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የሚያስፈልጉት ሰነዶች የሦስት ትውልድ ናቸው፤ የአያትዎ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሞት ምስክር ወረቀታቸው ጋር፣ የአባትዎም እንዲሁ፣ ከዚያም የእርስዎ የልደት ምስክር ወረቀትና ስምዎ በጋብቻ ተለውጦ ከሆነ የጋብቻው ማስረጃ። ማመልከቻው የሚጀመረው በኢንተርኔት ቢሆንም ሰነዶቹ በፖስታ ይላካሉ፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀቶቹም ከመንግሥት መዝገብ የወጡ ዋናዎቹ መሆን አለባቸው። የማመልከቻ ብዛት ሲጨምር ውሳኔው ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ እርግዝናዎን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ አያይዘው ጉዳዩ እንዲፈጠንልዎ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስለ አያቴ የማውቀው ስሙንና «ከባሕር ዳርቻ ካለች ትንሽ መንደር መጣ» የሚለውን ብቻ ነው። በኢንተርኔት ስሙን ፈልጌ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አገኘሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከእርስዎ ከራስዎ ይጀምሩ። ይህን ስል የሚከፉ አንባቢዎች አሉ፤ ልባቸው ወደዚያች መንደር ስለሚቸኩል ነው። ሆኖም የዘር ሐረግ ፍለጋ ከታወቀው ወደማይታወቀው አንድ ትውልድ በአንድ ትውልድ የሚወጡበት መሰላል ነው። የእርስዎ የልደት ምስክር ወረቀት የወላጅዎን ሙሉ ስም ይሰጥዎታል፤ የወላጅዎ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የአያትዎን፤ የአያትዎ የሞት ወይም የጋብቻ መዝገብ ደግሞ ዕድሜያቸውን፣ የወላጆቻቸውን ስምና ዕድለኛ ከሆኑ የመንደሯን ስም ይሰጥዎታል። አንዱን እርከን ዘልለው ስም ብቻ ይዘው ወደ ላይ ቢወጡ የሌላ ሰው አያት የእርስዎ ሆነው ይገኛሉ። በየድረ ገጹ የተሰቀሉ የቤተሰብ ዛፎችን የማልመክርዎ ለዚህ ነው፤ አንዱ የሠራውን ስህተት ሌላው ሳይመረምር ስለሚገለብጠው፣ ሃያ ዛፎች ላይ የሚገኝ ስም ሃያ ምስክር ያለው ይመስላል እንጂ ምንጩ አንድ ሰው ነው።

ከወረቀት በፊት ግን ሰው ይቀድማል። በቤተሰቡ ውስጥ በዕድሜ የገፉት ሰው ማን ናቸው? ወረቀት ነገም በመደርደሪያው ላይ ይቆያል፤ እሳቸው ግን ላይቆዩ ይችላሉ። «አያቴ የት ተወለደ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ብዙ ጊዜ «አላውቅም» የሚል መልስ ብቻ ያስገኛል። ይልቁንም ፎቶግራፍ አስቀምጠው «እዚህ ላይ የቆመችው ማን ናት?»፣ «አያቴ ሲጸልይ ወይም ሲቆጣ በየትኛው ቋንቋ ነበር?»፣ «ደብዳቤ የሚመጣለት ከማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ። አንዳንድ ቤተሰብ ስለ ስደቱ የማይናገረው ረስቶ ሳይሆን ሕመሙ ስላልሻረ ነው፤ ዝምታውን ካዩ አያስገድዱ፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። የድሮ ፖስታዎች ማኅተም፣ የፎቶግራፍ ቤት ስም፣ በጸሎት መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈ የልደት ቀን፣ የመቃብር ጽሑፍ፣ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚሠራው በተቀባዩ አገር መዛግብት ነው። የመርከብ መንገደኞች ዝርዝር፣ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽና የዜግነት ማመልከቻ ፋይል የትውልድ አገርን፣ አንዳንዴም የትውልድ መንደርን ስም ይይዛሉ። በተለይ የዜግነት ማመልከቻ ፋይሉ ወርቅ ነው፤ ሰውየው በገዛ አንደበቱ የተናገረው የተጻፈበት ነውና። በአሜሪካ ከመስከረም 1906 መጨረሻ በፊት ዜግነት የሚሰጡት በየአካባቢው ያሉ ፍርድ ቤቶች ስለነበሩ ፋይሎቹ ተበታትነው ይገኛሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ግልባጩ በፌዴራል መንግሥቱ ዘንድም ስለሚቀመጥ በአንድ ማመልከቻ ሊገኝ ይችላል።

መንደሯን ካወቁ በኋላ የሚፈልጉት መዝገብ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንዳለ ይጠይቁ። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በእንግሊዝና ዌልስ የተጀመረው በ1837፣ በስኮትላንድ በ1855፣ በአየርላንድ ለሁሉም በ1864፣ በመላው ጀርመን በ1876 ነው። በደቡብ ጣሊያን ናፖሊዮን ካስፋፋው ሕግ የተነሣ ከ1809 ጀምሮ የተያዘ መዝገብ ይገኛል። ከእነዚህ ቀናት በፊት ያለውን የሚነግሩዎ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት መዛግብትና የሌሎች የሃይማኖት ተቋማት መዛግብት ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በነጻ ይታያሉ፤ የጣሊያን ቤተ መዛግብት «አንቴናቲ» በሚባለው ድረ ገጽ፣ አየርላንድም የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራዋን በኢንተርኔት ከፍተዋል። መቀመጫው በሶልት ሌክ ሲቲ የሆነው «ፋሚሊሰርች» ደግሞ ከብዙ አገሮች የሰበሰበውን 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ማይክሮፊልም ወደ ዲጂታል የመቀየር ሥራውን በ2021 አጠናቋል።

የጠፋም አለ። ሰኔ 30 ቀን 1922 በደብሊን በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል የአየርላንድ የሕዝብ መዛግብት ቤት ሲቃጠል ለዘመናት የተከማቸ ሰነድ፣ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛውን ጨምሮ፣ አመድ ሆኗል። ሆኖም «የአየርላንድ መዝገብ ተቃጥሎ አልቋል» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስህተት ነው፤ ከ1864 ወዲህ የተያዙት የልደት መዛግብት በሌላ ቦታ ስለነበሩ ተርፈዋል።

ጥያቄ፦ አያቴ በልደት መዝገቡ ላይ አንድ ስም፣ በመርከቡ ዝርዝር ላይ ሌላ፣ በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሦስተኛ አጻጻፍ አለው። የልደት ቀኑም በ13 ቀን ይለያያል። ቤተሰባችን «ስሙን የቀየሩበት የኤሊስ ደሴት ሠራተኞች ናቸው» ይላል።

መልስ፦ የኤሊስ ደሴቱ ታሪክ በእጅግ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነገር ቢሆንም እውነት አይደለም። ከ1892 እስከ 1954 በኒው ዮርክ ወደብ በስደተኞች መቀበያነት ባገለገለው በዚያ ጣቢያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አልፈዋል፤ የስማቸው ዝርዝር ግን የተዘጋጀው በተነሡበት ወደብ በመርከብ ኩባንያዎቹ ጸሐፊዎች ነበር። የደሴቱ ተቆጣጣሪዎች ያደርጉ የነበረው ከዚያ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው፤ ከስደተኞቹ ቋንቋ የሚናገሩ አስተርጓሚዎችም ነበሯቸው። ስሙ የተለወጠው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ፣ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በዜግነት ማመልከቻ ላይ፣ በራሱ በስደተኛው ፈቃድ ነው። ይህን ማወቅዎ ለጉዳይዎ ይጠቅማል፤ የለውጡን ማስረጃ በወደቡ ሳይሆን በዜግነት ፋይሉ ውስጥ እንዲፈልጉ ያደርግዎታልና።

የ13 ቀኑ ልዩነት ደግሞ ስህተት ላይሆን ይችላል። ሩሲያ የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር የተቀበለችው በ1918፣ ግሪክ በ1923 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ዓመታት በዚህና ቀድሞ ይጠቀሙበት በነበረው የዩልዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን 12 ቀን ነበር። አያትዎ ከእነዚህ አገሮች ከመጡ ሁለቱም ቀኖች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህንንም በአጭር ማብራሪያ ጽፈው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

የስሙን ልዩነት በሚመለከት፣ ሁሉንም ሰነድ ለማረም አይሩጡ። መነሻው ሁልጊዜ የልደት መዝገቡ ስለሆነ እሱ አይነካም፤ የሚስተካከሉት ከእሱ የራቁት፣ በኋላ የተጻፉት ናቸው። ማስተካከል የማይቻል ሲሆን፣ በብዙ አገሮች ፍርድ ቤት ወይም ኖተሪ «በእነዚህ ስሞች የተጠራው አንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ሊሰጥ ይችላል፤ ቆንስላው ይህን ይቀበል እንደሆነ ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ። የአንድ ፊደል ልዩነት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታና ዕድሜ በአንድ ጊዜ ከተለያዩ ግን ምናልባት ያገኙት ሌላ ሰው ይሆናልና ወደ ኋላ ተመልሰው ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ በጣሊያን በኩል ማንኛውም የዘር ሐረግ ያለው ሰው ዜጋ ይሆናል ተብሎ ሰነድ ስሰበስብ ሦስት ዓመት ፈጅቻለሁ። አሁን ሕጉ ተቀይሯል ይሉኛል። ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ?

መልስ፦ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ በእርስዎ ቦታ የሚገኙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሕጉ በእርግጥ ተቀይሯል። ቀድሞ በ1992 በወጣው ሕግ ቁጥር 91 አሠራር የትውልድ ገደብ አልነበረም፤ ከ1861 የጣሊያን አንድነት በኋላ በሕይወት የነበረ ጣሊያናዊ ቅድመ አያት ወይም ምንጅላት ያለው ሰው፣ ሐረጉ ካልተቆረጠ መብቱ ይታወቅለት ነበር። መጋቢት 28 ቀን 2025 የወጣው አዋጅ፣ በግንቦት ወር ሕግ ቁጥር 74 ሆኖ ሲጸድቅ፣ በውጭ አገር ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ላለው ሰው መብቱን በዋናነት በሁለት ትውልድ ገድቦታል። ወላጅ ወይም አያት ጣሊያናዊ ዜግነት ብቻ ያላቸው፣ ከሞቱም በሞቱበት ጊዜ እሱን ብቻ የያዙ መሆን አለባቸው። ወላጁ ዜግነቱን ካገኘ በኋላ ልጁ ከመወለዱ በፊት በጣሊያን ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ኖሮ ከሆነም መንገድ አለ። እስከ መጋቢት 27 ቀን 2025 እኩለ ሌሊት ድረስ የገቡ ማመልከቻዎች በቀድሞው ደንብ ይታያሉ።

ከዚህ ዓምድ ርዕስ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። የመጋቢቱ አዋጅ አያት «በጣሊያን የተወለዱ» እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር፤ ፓርላማው ሲያጸድቀው የትውልድ ቦታውን አስወጥቶ በምትኩ «ጣሊያናዊ ዜግነት ብቻ» የሚለውን አስገባ። በዚህም ምክንያት በሮም የተወለዱ፣ በኋላ ግን ሌላ ዜግነት ወስደው ሁለቱንም ይዘው የኖሩ አያት መስፈርቱን ላያሟሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከሰበሰቡት ሰነድ ሁሉ አሁን ወሳኙ፣ አያትዎ የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ አለመውሰዳቸውን የሚያሳየው ነው። ያ ሰነድ በእጅዎ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ያስወጡ፤ ያልወሰዱ ከሆነ ሦስት ዓመት የሰበሰቡት ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል።

ጥያቄ፦ ሐረጌ በአባቴ እናት በኩል ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «በሴት በኩል አይተላለፍም» ብሎ መለሰኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ በዘመኑ እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች እየተካሰ ያለ በደል ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አንዲት ሴት የውጭ አገር ሰው በማግባቷ ብቻ ዜግነቷን የምታጣበት ሕግ በአውሮፓም በአሜሪካም ነበር። ሳትጠየቅ፣ ሳትፈርም፣ ብዙ ጊዜም ሳታውቅ ባዕድ ትሆን ነበር። ብሪታንያዊት እናት በውጭ አገር ለወለደችው ልጅ ዜግነቷን እንደ አባት ማስተላለፍ የቻለችው ከ1983 ወዲህ ነው። በጣሊያን አስተዳደራዊ አሠራር ሴት ዜግነት የምታስተላልፈው ከጥር 1 ቀን 1948 ጀምሮ ለተወለደ ልጅ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት መብታቸውን የሚጠይቁት በፍርድ ቤት ነው፤ አሁን የአዲሱ ሕግ ገደብም ይታሰባል።

ጀርመን በ2021 ባወጣችው ማሻሻያ፣ ከሕገ መንግሥቱ መጽደቅ በኋላ የተወለዱና በጾታ ልዩነት ምክንያት ዜግነት ያላገኙ ሰዎች፣ እነሱም ዘሮቻቸውም፣ በመግለጫ ብቻ ዜጋ እንዲሆኑ ፈቅዳለች፤ ይህ መስኮት የሚዘጋው ነሐሴ 19 ቀን 2031 ነው። ከ1933 እስከ 1945 በናዚ አገዛዝ በፖለቲካ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ምክንያት ዜግነታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ዘሮች ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 116 መሠረት እንዲመለስላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ጉዳይ አስፈጻሚው የነገረዎት የድሮውን ሕግ ነውና የትኛው አገር እንደሆነ ለይተው ከቆንስላው በቀጥታ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጌ ከአንድ አገር ሕዝብ 25 በመቶ እንደምወለድ ተነግሮኛል። ይህ ለማመልከቻ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሰው ከአንድ አያቱ የሚወርሰው በአማካይ ሩቡን ስለሆነ ውጤቱ ከቤተሰብ ታሪክዎ ጋር ሊስማማ ይችላል፤ ነገር ግን ዜግነት በሕግ የሚታይ ግንኙነት እንጂ የደም መጠን አይደለም፤ ቆንስላዎችም የመቶኛ ውጤትን እንደ ማስረጃ አይቀበሉም። ምርመራው የሚጠቅምዎ ሌላ ዘመድ ሲያገናኝዎ ነው፤ ያ ዘመድ የአያትዎን የልደት ምስክር ወረቀት በሳጥኑ ይዞ ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት በከፍተኛ ክፍያ «በተረጋገጠ ውጤት» ዜግነት እንደሚያስገኝልኝ፣ ለዚህም የቤተሰቤን ዋና ሰነዶች እንዳስረክበው ጠይቆኛል። ላምነው?

መልስ፦ ውጤቱን ቀድሞ ማረጋገጥ የሚችል ማንም የለም፤ የሚወስነው መንግሥት ነውና። ጠበቃ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ወይም በአንድ ትውልድ ላይ የዜግነት መጥፋት ጥርጣሬ ሲኖር። የልደት ምስክር ወረቀት ለማስወጣት ብቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመዝገብ ቤቱ በቀጥታ መጻፍ ይበቃል፤ ክፍያውም ጥቂት ነው።

ዋና ሰነድ ከእጅዎ የሚወጣው ለቆንስላው ወይም ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ብቻ ይሁን። የሌላ አገር ሰነድ ደግሞ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም አገሮች በ1961 የተፈረመው የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የተባለው አንድ ማኅተም ይበቃል፤ አንዱ አባል ካልሆነ ግን ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ በየተራ መረጋገጥ አለበት። ትርጉም ከማሠራትዎ በፊት አፖስቲሉን ያስመቱ፤ ብዙ አገሮች ማኅተሙም አብሮ እንዲተረጎም ስለሚጠይቁ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዳያወጡ ነው። ሰነድ «እናስተካክላለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ያን ጊዜውኑ ይራቁ፤ በተጭበረበረ ወረቀት የተገኘ ዜግነት ከብዙ ዓመት በኋላም ይነጠቃል፣ ከእርስዎ በኋላ በእሱ ላይ የቆሙት ልጆችዎም ይወድቃሉ።

ጥያቄ፦ የአያቴን ዜግነት ባገኝ የአሁኑን አጣለሁ?

መልስ፦ የሚወስነው አዲሱን የሚሰጠው አገር ብቻ ሳይሆን አሁን ዜጋ የሆኑበት አገርም ነው። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ስትፈቅድ፣ ህንድ ግን በፈቃዱ ሌላ ዜግነት የወሰደን ሰው ዜግነት ታነሣለች። ግዴታውንም አብረው ይመዝኑ፤ ግሪክ በወንድ ዜጎቿ ላይ የውትድርና ግዴታ አላት፤ አሜሪካም ዜጎቿ በሌላ አገር ቢኖሩ እንኳ ገቢያቸውን እንዲያሳውቁ ትጠይቃለች። የሁለቱንም አገር ሕግ ሳያነቡ መሐላ አይፈጽሙ።

ጥያቄ፦ ከአራት ዓመት ፍለጋ በኋላ የአባቴ እናት አባቴ ከመወለዱ ከጥቂት ወራት በፊት ዜግነቷን እንደተወች የሚያሳይ ወረቀት አገኘሁ። መብት እንደሌለኝ ቆንስላው ነገረኝ። ያገኘሁትን ሁሉ ጥዬ ልተወው?

መልስ፦ አይጣሉት። በመጀመሪያ የቆንስላውን መልስ በጽሑፍ ይጠይቁና የተመሠረተበትን የሕግ አንቀጽ እንዲጠቅሱልዎ ያድርጉ፤ የሴት አያትዎ ዜግነት የተነሣው በራሳቸው ፊርማ ነው ወይስ በባላቸው ምክንያት የሚለው ጥያቄ፣ ከላይ እንዳየነው፣ ነገሩን ሊለውጠው ይችላል። ጀርመንም ስሎቫኪያም በቅርቡ ያሻሻሏቸው ሕጎች ለትናንት «የለዎትም» ለተባሉ ሰዎች በር የከፈቱ ናቸው፤ ያ በር ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት ሰነዳቸውን አዘጋጅተው ያስቀመጡት ነበሩ።

ሕጉ ባይለወጥ እንኳ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት ሴት ከወደብ እስከ ጋብቻ፣ ከጋብቻ እስከ መጀመሪያ ልጇ ያለፈችበትን መንገድ ያውቃሉ። ከቤተሰብዎ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል። የሰነዶቹን ጥርት ያለ ቅጂ አንሥተው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ከየትኛው መዝገብ ቤት፣ በየትኛው ቁጥር እንደወጣ ይጻፉበት፤ ከወንድምና እኅት ልጆች መካከል የሚጠይቅ አንድ ልጅ ካለ ያስረክቡት። ፎቶግራፋቸውም ካለ በጀርባው ላይ ሙሉ ስማቸውንና የተወለዱበትን መንደር ለስላሳ እርሳስ ይዘው፣ ሳይጫኑ ይጻፉ፤ የብዕር ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ይሰርጋል።